እሳቱ ቆሞ የነደደበት ሰሞን

ባለቤቴ የነፋስን ነገር የተማረው ከማጣሪያው እሳት ነው። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ትርፍ ጋዝ የሚቃጠልበት ረጅም የብረት ማማ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው እሳት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ከቤታችን በር ላይ ይታያል። እሱ እዚያ ኦፕሬተር ስለነበር ፈረቃ ሲገባም ሲወጣም መጀመሪያ የሚያየው ያንን እሳት ነው። በክረምት ነፋሱ ከሰሜን ስለሚመጣ ነበልባሉ ወደ ደቡብ ይጋደማል። በበጋ ደግሞ ከደቡብ፣ ከራሔይታ በኩል፣ ብርቱ ነፋስ ይነሣና ወደ ሰሜን ያጋድመዋል። በሁለቱ መካከል ግን አንዱ ደክሞ ሌላው ሳይነሣ እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚነድበት አጭር ሰሞን አለ። ያን ጊዜ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ባለቤቴ ያንን ሰሞን ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

እኔ አሰብን አልወደድኳትም። ምን አሸፋፍነዋለሁ፣ ጠላኋት! የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጭጋግ በር ከፍቶ ሲገባ ያደግሁ። ከሰርጌ በኋላ ወደ ባሌ ቤት ያወረደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከወደቡ ወደ ደሴ ዕቃ የሚያመላልስ ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳ ነበር። ቆላው ውስጥ ስንገባ ፊቴን የመታኝ አየር ምድጃ የተከፈተብኝ መስሎኝ፣ "ኧረ መስኮቱን ዝጋው፣ ልታቃጥለኝ ነው!" ብዬ ጮህኩበት። "ዝግ ነው እኮ፤ አንቺ ልጅ" አለኝ። ከተማው እስክንገባ ድረስ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

አሰብ ውስጥ ከደጋ ለሥራ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ሰኔ ሲገባ መምህሩም፣ የጉምሩክ ሠራተኛውም፣ የማጣሪያው ቴክኒሻንም ሚስቱንና ልጆቹን ጭኖ ወደ አገሩ ይልካል። ክረምቱን ከተማው የወንድ ብቻ ይሆናል፤ ወንዶቹ እርጥብ አንሶላ ለብሰው ደጅ ይተኛሉ፣ የታሸገ ሰርዲን ይበላሉ፣ እርስ በርስ ይጣላሉ። ሴቶቹ ከመስቀል በኋላ ፊታቸው ወዝቶ ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ግን እኔ አራስ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ወልጄ፣ ገና ወገቤ ሳይጸና፣ ያንን መንገድ በመኪና ልሄደው አልችልም። ስለዚህ ክረምቱን እዚያው ዋልን፤ እኔ፣ ልጄ፣ አባቱና ያ ሙቀት።

ልጄ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ሞተ። ያተኩሰው ነበር፤ ጡት አልይዝ አለ፤ የራስ ቅሉ ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ ወደ ውስጥ ገባች። ነሐሴ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እሱ አልናገርም።

የቀብሩን ነገር ግን እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የሆነው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። በኛ አገር ለሕፃን ድንኳን አይጣልም፤ ደረት አይደቃም። ለቀስተኛ የሚባሉት ከክረምቱ የተረፉ ጥቂት ጎረቤቶች መጡና አጠገቤ ተቀምጠው፣ "አታልቅሽ፤ መልአክ ነው፤ እግዜርን ታስቀይሚዋለሽ፤ ገና ልጅ ነሽ፣ ምትኩን ይሰጥሻል" አሉኝ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር አንዷ አፌ ላይ እጇን ትጭናለች። ልቅሶዬ ሳይለቀስ ቀረ። ባለቤቴም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ቀን ፈረቃ ገባ። እቤት ውስጥ ሁለታችን እንደ እንግዳ ሆንን። "ውሃ ልስጥህ?" "እሺ።" "እራት ይቅረብ?" "ተይው።" ይኸው ነበር ወሬያችን።

አንድ ቀን ወንድሜ ዕቃ ሊጭን ሲመጣ፣ "ለኅዳር ሚካኤል ስትወርድ ትወስደኛለህ" አልኩት፤ ባለቤቴ እየሰማ። "ለስንት ጊዜ?" አለ ወንድሜ። "ለመቼውም። ልጄን የበላ አገር እኔን እስኪበላኝ አልጠብቅም።" ወንድሜ ወደ ባለቤቴ አየ። ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ፤ ደጅ ቆሞ ወደ እሳቱ ሲያይ ቆየ።

ሲመለስ፣ "እሜቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ" አለኝ። ደስ ሲለው እሜቴ ነበር የሚለኝ፤ ከልጁ ሞት ወዲህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። "ነፋሱ እስኪዞር ቆዪልኝ። በመካከሉ ጥሩ ሰሞን አለ። ከወደቡ ማዶ ያለችው ደሴት ላይ ጥቂት ቀን እንቀመጥ፤ ሁለታችን ብቻ። እስካሁን ያየሽው የአሰብን እሳት ነው፤ ባሕሯን አላየሽም። ከዚያ በኋላ 'እሄዳለሁ' ካልሽ ጓዝሽን እኔው ራሴ መኪናው ላይ እጭነዋለሁ።"

"ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?" አልኩት። እውነትም ሐሳቡን ያገኘው ማጣሪያው ውስጥ ከሚሠሩት ፈረንጅ መሐንዲሶች ነው፤ እነሱ እሑድ እሑድ በሞተር ጀልባ እየሄዱ ደሴት ላይ ሲንጋለሉ ይውሉ ነበር። በኛ ቤት ግን ሰው ቤቱን ጥሎ አሸዋ ላይ ሊተኛ የሚሄደው ወይ ቢዘምት ወይ ቢያብድ ነው። ግን ዓይኑን ሳየው እምቢ ለማለት አቃተኝ። "እሺ፤ ነፋስህ ይዙር" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ከፈረቃ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ዛሬም ወደ ደቡብ ነው" ወይም "ትንሽ ቀና ብሏል" ይለኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ እየሄደ ይጠይቃል። ከአንዱ የየመን ሰው ጋር ሻይ ሲጠጣ ያመሻል፤ የደቡቡ ነፋስ አዝየብ እንደሚባል፣ ሲነሣ ጀልባ እንደማያስወጣ ሁሉ ከእሱ ሰምቶ ነገረኝ። ጎረቤታችን የነበሩት መምህር ይቀልዱበት ነበር። "ወንድሜ፣ ሰማዩ እንደሆነ ከዓመት ዓመት ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፤ ምኑን ነው የምትጠብቀው?" ይሉታል። ለደገኛ አየር ሲባል የሚታየው ዝናብ ነው። ባለቤቴ ግን ይህን አልፎታል፤ የነፋሱን ነገር ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። እኔ ዛሬም ስለ ነፋሱ አልወቅሰውም።

ያላወቀው የዛፉን ነገር ነው። ደሴቲቱ ከወደቡ ራቅ ትላለች፤ አሸዋና ድንጋይ ሆና በአንድ ጎኗ ውሃው ዳር ድረስ የወረደ ለምለም ዛፍ አላት፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ አረንጓዴው ዓይን የሚስብ። በዚያ በከሰለ አገር እንዲያ ያለ ልምላሜ የትም የለም። ጀልባ ያለው ሁሉ እያለፈ ያያታል፣ የሚወርድባት ግን የለም። ባለቤቴ ዛፉን ከሩቅ ካየው በኋላ፣ "ውሃማ አለ፤ ትንሽ መቆፈር ብቻ ነው" አለ። መምህሩም፣ "ዛፍ ካለማ ምንጭ አይጠፋም" አሉ። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን! በኛ አገር ከሩቅ ዋርካ ወይም ሾላ የታየበት ቦታ እንስራ ይዘሽ ብትሄጂ ባዶሽን አትመለሺም። በጨው ውሃ ውስጥ ሥሩን ነክሮ የሚለመልም ዛፍ በዓለም ላይ አለ ቢሉን እንስቅ ነበር። ስለዚህ ከስንቃችን ጋር አንድ ጀሪካን ውሃና አካፋ ያዝን።

ስንቁን ብታዩት! በሶ ፈጨሁ፣ ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ሽሮ ያዝኩ። መምህሩ፣ "ወዴት ነው ዘመቻው?" አሉ። ባለቤቴ ከጓደኛው ድንኳን ተዋሰ። መስቀል አለፈ፤ እሳቱ ቀና አለ፤ ልንነሣ ስንል ተተኪው ታመመና የባለቤቴ ፈቃድ ተላለፈ። እሱ ምግብ አልበላ አለ፤ ደጅ እየወጣ ነበልባሉን ያያል። "ገና ቆሟል" ይለኛል፤ "ገና ነው እሜቴ፣ አላመለጠንም።" ጥቅምት እየገፋ ሄደ። ፈቃዱ ሲሰጠው እሳቱ አሁንም እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት የየመኑ ሰውዬ በሸራ ጀልባው እየቀዘፈ አሻገረንና፣ "ዓርብ፣ ኢንሻላህ" ብሎን ተመለሰ። ለጎረቤት ግን ሳምንት እንቆያለን ብለን ነበር፤ ማንም እንዳይመጣብን።

መጀመሪያ ያደረገው ጉድጓድ መቆፈር ነው። ዛፎቹ አጠገብ፣ ከአሸዋው ከፍ ያለ ቦታ መርጦ፣ ሸሚዙን አውልቆ ቆፈረ። ክንዱ ያህል እንደወረደ ውሃ አቀረረ። "እሰይ!" ብዬ እልል አልኩ፤ ሞኟ። ጣሳውን ነከረና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀመሰ። ለአፍታ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ዞር አለና፣ "ደግ ነው። ትንሽ ጭቃ ጭቃ ይላል እንጂ ደግ ነው። አንቺ ሆድሽ ስስ ስለሆነ ከጀሪካኑ ጠጪ፤ እኔ የጉድጓዴን እጠጣለሁ" አለኝ። ሆዴ ስስ መሆኑ እውነት ነበር። በሶዬን በጀሪካኑ ውሃ በጠበጥኩ።

ያ ቀንና ማግስቱ በሕይወቴ ካየኋቸው ቀኖች ሁሉ የተሻሉ ነበሩ ብል ታምኑኛላችሁ? ልጄን ቀብሬ ሦስት ወር ባልሞላኝ ጊዜ! ባሕሩ ንቅንቅ አይልም። ቀሚሴን እንደለበስኩ ውሃው ውስጥ ገብቼ እስከ አንገቴ ተቀመጥኩ፤ የሚያሳክከኝ ሙቀት ሁሉ ለቀቀኝ። እሱ ክር ጥሎ ዓሣ ያዘ። ረቡዕ ነውና ዓሣ ጾም ነው አይደለም ብለን ስንከራከር ዓሣው ከእጁ አመለጠ። ሳቅሁ። ሳቄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ።

እዚያ አፌ ላይ እጁን የሚጭን ማንም አልነበረም። ጮህኩ። "ልጄን! ልጄን!" እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ክሩን እንደያዘ ቆመ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ እሱም እንደ ሴት አለቀሰ። ልጁን በስሙ ጠራው፤ ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ሲጠራ አልሰማሁም ነበር። ተያይዘን ድምፃችን እስኪዘጋ አለቀስን። ለልጄ የሚገባው ልቅሶ የተለቀሰው ያን ቀን፣ ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ነው። ሲወጣልን ፊታችንን በባሕሩ ታጠብን። በማዶ በኩል የማጣሪያው እሳት ቆሞ ሲነድ ይታየን ነበር።

"አልሄድም" አልኩት። "እቆያለሁ። ካንተ ጋር እቆያለሁ።"

 ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተጋደመ፤ ፀሐይዋ እስክትገባ እንደዚያው ቆየን።

ሐሙስ ጠዋት ስነቃ ድንኳኑ ይንጫጫል። ወጣሁ፤ ባሕሩ ነጭ ሆኗል። በማዶ ያለው እሳት ወደ ሰሜን ተጋድሟል። ባለቤቴ ቆሞ ያየዋል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "ቀደመኝ" አለ። "አዝየብ ነው፤ ቀደመኝ።" "ታዲያ ምን አለበት? ነፋስ ነው፤ ይበርዳል" አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ቀዝቀዝ ያለ መስሎኝ። ዓርብ ጀልባው መጣ፤ ሸራው ሲወጣና ሲሰወር አየነው። ዛፎቹ ፊት ለፊት እስኪደርስ ታገለና አንድ ጊዜ ጎኑን ሰጥቶ ሊገለበጥ ሲል ወደ ኋላ ዞረ። ባለቤቴ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ እጁን እያወዛወዘ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ፣ "እግዜር ያውቃል፤ ነገ ይመጣል" አለ።

ነገም አልመጣም። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ በድንኳኑ ያስገባል፤ ዓይን መክፈት አይቻልም። በሶው ውሃ ይፈልጋል፣ ዳቦ ቆሎው ያስጠማል። የጀሪካኑ ውሃ እየጎደለ ሲሄድ፣ "እኔም ከጉድጓድህ ልጀምር" አልኩት። "አንቺ እንዳትነኪው!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ጮኾብኝ አያውቅም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚህ ላይ ተቅማጥ ቢይዝሽ በምን አድንሻለሁ? እኔ ለምጄዋለሁ፤ ያንቺን ጠጪ" አለኝ። እሱን ነበር የያዘው። ያስመልሰዋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ ሆዱን ይዞ ይታጠፋል። በነፋሱ እሳት አልያዝ ብሎን የያዘውን ዓሣ በጥሬው ስለበላ መሰለኝ። "ፀሐዩ ነው" ይለኛል። ጣሳውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፤ ጠጥቶ አፉን እየጠረገ ይመለሳል። አንድ ጊዜም ፊቴ አልጠጣም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

እሑድ መቀባዠር ጀመረ። ፈረቃ ረፈደብኝ ይላል፤ ልጁን አምጪው ይላል። ሰውነቱ እንደ ፍም ነው፤ ላብ ግን የለውም። ውሃ ውሃ አለ። የጀሪካኑ ውሃ ሥር ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ሳየው፣ "የራሱ ጉድጓድ ይሻለዋል፤ ቀዝቃዛም ነው" ብዬ ጣሳውን ይዤ ወደ ዛፎቹ ሮጥኩ። ቀዳሁ። ይቀዘቅዝ እንደሆነ ብዬ በከንፈሬ ነካሁት።

ጨው ነበር። ባሕሩ ራሱ ነበር፤ ባሕሩ ይሻላል። ምላሴን እንደ በርበሬ አቃጠለኝ። ጣሳውን ጥዬ ዛፎቹን አየኋቸው፤ እንደዚያው አረንጓዴ፣ እንደዚያው ለምለም። አንድ ትልቅ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ይህንን እየጠጣ "ደግ ነው" እያለኝ ነበር። ተመልሼ ጀሪካኑን አጋድሜ የቀረችውን ጠብታ በጠብታ አፉ ውስጥ ጨመርኩ። ግማሹ በአንገቱ ወረደ።

ሰኞ ነፋሱ ትንሽ ጋብ ሲል የየመኑ ሰውዬ ሌላ ሰው ጨምሮ መጣ። አላህን እየጠሩ በሸራው ጠቅልለው አነሡት። ሐኪም ቤት ሲደርስ ኩላሊቱ ደክሟል ተባለ፤ የሚቻለውን አደረጉለት። በመጨረሻው ማታ ነፍሱ ተመለሰችና አወቀኝ። እኔ ደግሞ ጠባዬ መጥፎ ነው፤ ሰው እየሞተ እንኳ እቆጣለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ለምን ዋሸኸኝ? ለምን አልነገርከኝም? ተካፍለን አንጠጣም ነበር?" አልኩት እያለቀስኩ።

ከንፈሩ እየደማ ፈገግ ሊል ሞከረ። "መጀመሪያ እልል ስላልሽ ነው። ኋላማ 'እቆያለሁ' ስትዪኝ ጊዜ፣ ውሃ የለም ልበልሽ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ለእሱ ድንኳን ተጣለ። ማጣሪያው፣ ወደቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከተማው ሁሉ መጣ፤ እኔ ግን ልቅሶዬ ደሴቲቱ ላይ አልቆ ነበር መሰለኝ ዓይኔ ደረቀ። ከልጁ አጠገብ ቀበርነው።

ወንድሜ ለኅዳር ሚካኤል እንዳለው መጣ። ተሳቢውን ደጃፌ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ። "ዕቃሽ የታለ?" አለኝ።

"አልሄድም።"

"ምን ማለትሽ ነው? አብደሻል? ልጅሽን በላ፣ ባልሽን በላ፤ ምን ቀረሽ እዚህ?"

"ሁለቱም እዚህ ናቸው።" የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አሰብ ወረሰችኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥራ ይዤ፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ በተባለበት ሰሞን እንኳ እዚያው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ይህንን ሁሉ አላወቅሁም፤ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ደግሞም እቆያለሁ ብዬዋለሁ" አልኩት።

"ለሞተ ሰው?"

"ስነግረው አልሞተም ነበር።"

 ወንድሜ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ተቀመጥኩ፤ ተመልሶ ገባ። ከደሴ የቀዳውን፣ ለመንገድ የያዘውን የራሱን ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሳይሰናበተኝ ሄደ። ክዳኑን ለመክፈት ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ።